ምዕራፍ አራት፦ መጠበቅን የሚያውቅ ሰው

በ1920 ዓ.ም. የካቲት ወር ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ብዙ ሺህ ጦር አስከትለው ከሲዳሞ መጡና ንፋስ ስልክ ላይ ሰፈሩ። ባልቻ ተራ ሹም አልነበሩም። የአድዋ መድፈኛ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሰው፣ በቡና የከበረውን ሲዳሞን ለዓመታት እንደ ግል ርስት የያዙ ጌታ ነበሩ። አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪ መኮንንን ደግሞ አይወዷቸውም፤ በ1902 ዓ.ም. ሐረርን ከእጃቸው የተረከቡት እኒሁ ቀጭን ወጣት ነበሩ። የሲዳሞን ገቢ ያስረክቡ ሲባሉ ዝም፣ ይምጡ ሲባሉም ዝም ብለው ከረሙ። በመጨረሻ ሲመጡም ከነጦራቸው ነው።

ተፈሪ አልተቆጡም። ግብር አስጣሉ እንጂ። ባልቻ ነገሩ ባይዋጥላቸውም የንቁ ሰው ጥንቃቄ አድርገው፣ ጠባቂዎቻቸውን አስከትለው ወደ ቤተ መንግሥት ወጡ። ሥጋው ቀረበ፣ ጠጁ ተቀዳ፣ የአድዋው ጀግና ተሞገሱ። እሳቸው እዚያ ተቀምጠው ሲበሉና ሲጠጡ ራስ ካሣ ኃይሉ ንፋስ ስልክ ወርደው ለወታደሩ ብር እያደሉ ጠመንጃውን እየተቀበሉ ወደየመጣበት ያሰናብቱታል። ባልቻ ጠግበው ሲመለሱ የጠበቃቸው ባዶ ሜዳ ነው። ሲዳሞም ለደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ተሰጥቷል። ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን ገብተው ተጠጉ፤ ብዙም ሳይቆዩ እጃቸውን ሰጡ።

ይህችን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ነው የሚያወራት፤ ጥሩ ቀልድም ናት። እኔ ግን የተፈሪ፣ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ የኃምሳ ስምንት ዓመት የሥልጣን ዘመን ሁሉ በዚያ ግብር ውስጥ ተጠቅልሎ የሚታይ ይመስለኛል። ከመስከረም 1909 እስከ መስከረም 1967 ዓ.ም. በእጃቸው የሠራውም፣ መጨረሻ ላይ ከእጃቸው ያመለጠውም እዚያ አለ። ሰውየው አንድ ሥራ በጣም ያውቁ ነበር። ባላንጣው ቸኩሎ እስኪሳሳት ወይም እስኪሞት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ከሚያቆመው ነገር፣ ከጦሩ፣ ከአገሩ፣ ከወዳጁ ይነጥሉታል፤ የተረፈውን ደግሞ ወደ ራሳቸው ይጠቀልላሉ። መጠበቅ፣ መነጠል፣ መጠቅለል። ከዚህ በታች የማነሣው ሁሉ የእነዚህ የሦስቱ ነገር ነው።

ስለ ጃንሆይ ሲወራ ሦስት የተለያዩ ሰዎች የነበሩ ይመስላል። ሥልጣኔ ወዳዱ ወጣት አልጋ ወራሽ አንዱ ነው፤ የጄኔቫው ንጉሥ ሁለተኛው፤ በመጨረሻ ደግሞ የጃጁት ሽማግሌ። ወዳጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይመርጣል፣ ጠላት ሦስተኛውን። ሥራቸውን በተርታ አስቀምጦ ላየ ሰው ግን ያው አንድ ሰው ናቸው። የተለወጠው የገጠማቸው ነገር ነው።

አልጋ ወራሽ ሲባሉ ዕድሜያቸው ሃያ አራት ነበር። ሥልጣኑም ሙሉ አልነበረም። ዙፋኑ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ተቀምጠዋል፤ ጦሩ የጦር ሚኒስትሩ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው፤ ቤተ ክህነቱ የአቡነ ማቴዎስ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ከሦስቱ ከአንዱ ጋር ይላተም ነበር። ተፈሪ አሥር ዓመት ጠበቁ። ቢሮ ከፈቱ፣ ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፣ ወጣቶችን ውጭ አገር ለትምህርት ላኩ፣ በ1916 ዓ.ም. መስከረም ኢትዮጵያን የመንግሥታት ማኅበር አባል አደረጉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ የጎጃሙን ራስ ኃይሉንና የትግራዩን ራስ ሥዩም መንገሻን ይዘዋቸው ሄዱ። ለክብር ነው ተባለ። ለክብርም ነበር፤ ነገር ግን ኢየሩሳሌምና ፓሪስ ላይ አብሮ የሚዞር መስፍን ደብረ ማርቆስ ላይ ጦር አያስከትትም።

ከዚያ በ1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ በኅዳር መጨረሻ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በቀናት ልዩነት ብቻ ተከታትለው ሞቱ። ተፈሪ የፊታውራሪውን ጦርና መሬት ወዲያው በእጃቸው አደረጉ። የባልቻ ግብር የተጣለው ይህ ከሆነ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው፤ ለዚያ ሜዳ የሚበቃ ኃይል በእጃቸው ገብቶ ነበር ማለት ነው። በ1921 ዓ.ም. መስከረም ንጉሥ ተባሉ። የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ ከበጌምድር ተነሡና መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ወደቁ። መጀመሪያ አውሮፕላን የውግዘት ወረቀት በተነባቸው፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለባቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውዱ ተጫነ፤ ሐምሌ 9 ቀን ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕገ መንግሥቱን እንደ ስጦታ ብቻ ማየት ይከብደኛል። የየአገሩ ገዢ በልማድ ይዞት የነበረውን በጽሑፍ ወደ ዘውድ የሰበሰበ ሰነድ ነበር። ጃንሆይ በትዕግሥት ያገኙትን በወረቀት ማሰር ይወዱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የቀን ግጥምጥሞሽ አለ፤ ትርጉም ባልሰጠውም ዝም ብዬ አላልፈውም። አንቺም መጋቢት 22 ነበር። ልክ በስድስት ዓመቱ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማይጨው ሆነ።

ጣልያን ባልቻ አልነበረም። ግብር የማይጠራ፣ በብር የማይበተን፣ ቸኩሎም የማይሳሳት ጠላት ነበር። ወልወል ላይ በኅዳር 1927 ዓ.ም. ጠብ ከተነሣ በኋላ ጃንሆይ ያደረጉት የለመዱትን ነው፤ ጠበቁ። አቤቱታቸውን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ፣ የጠብ አጫሪነት ስም እንዳይሰጣቸው ጦራቸውን ከወሰኑ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አሸሹ። ሕጉን እንደ ራስ ካሣ ቆጠሩት፤ እሳቸው ሲያዘገዩ ሕጉ በጎን ሄዶ የጠላትን ጦር ይፈታል ብለው። ሕጉ አልሄደም። የጣልያን የመርዝ ጋዝ ወረደ፣ ጦሩ ማይጨው ላይ ተሸነፈ፣ ሚያዝያ 24 ቀን አዲስ አበባን ለቅቀው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ።

በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ይፈርዱባቸዋል፤ ንጉሥ ይዋጋል እንጂ አይሄድም የሚለው ክርክር ሞቶ አያውቅም። ክርክሩን አልደግመውም። ለእኔ የሚበልጠው ከዚያ የሆነው ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ወደ መናገሪያው ሲወጡ የጣልያን ጋዜጠኞች ከላይ ከሰገነቱ ፉጨት ለቀቁባቸው። የሩማንያው መልእክተኛ ቲቱሌስኩ እነዚህን አውሬዎች አስወጡ ብሎ ጮኸ። ጃንሆይ ካባቸውን ለብሰው፣ ወረቀታቸውን ይዘው ቆሙ። መልስ አልሰጡም፤ ወደ ሰገነቱም አላፈጠጡም። ፉጨተኞቹ ተይዘው እስኪወጡ ጠበቁና በአማርኛ ጀመሩ። የንግግሩን ቃል ብዙ ሰው ያነሣል። እኔን የሚገርመኝ ከንግግሩ በፊት ያለው ያ ዝምታ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ኃይል ያነሰው ሰው፣ ሰዓቱን በእጁ የያዘ እሱ ብቻ መስሎ ይታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ፣ ገንዘብ እያጠረ፣ ወዳጅ እየሳሳ። ብዙ መንግሥታት አንድ በአንድ የጣልያንን ወረራ ተቀበሉ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ውል ይፈራረም ነበር፤ ጡረታውን ይቀበል ነበር። እሳቸው ሙሶሊኒ ራሱ እስኪሳሳት ጠበቁ፤ ተሳሳተም። በ1932 ዓ.ም. ሰኔ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ፤ በዚያው ወር ጃንሆይ ወደ ግብጽና ሱዳን በረሩ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ጣልያን አዲስ አበባ በገባ በአምስተኛ ዓመቱ በዚያችው ዕለት፣ ከተማቸው ገቡ። በዱር በገደል አምስት ዓመት የተዋጋው አርበኛ ግን ጠብቆ አልነበረም የቆየው፤ ነጻነቱን የገዛው በደሙ ነው። ይህ ልዩነት በኋላ ዋጋ አስከፍሏል።

ያስከፈለውም በሹመት በኩል ነው። ጃንሆይ ከተመለሱ በኋላ አርበኛውንም፣ ስደተኛውንም፣ ከጣልያን ጋር ያደረውንም ሾሙ። አርበኛው ተቆጣ፤ ባንዳ ተሾመ፣ የተዋጋ ደጅ ጠና ብሎ። ንጉሡ ግን በዚህ አልተሳሳቱም፤ እንደ ስሌታቸው ከሄድን። አንዱ ወገን ሌላውን ስለሚጠላ ሁሉም የሚያዩት ወደ ዘውዱ ነው። የሹም ሽሩ ጥበብ እዚህ ላይ በጣም ረቀቀ። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ለአሥራ አራት ዓመት የጽሕፈት ሚኒስቴሩን ይዘው የአገሪቱን ጉዳይ ሁሉ ያስፈጽሙ ነበር፤ ማንም ወደ ጃንሆይ ለመድረስ በእሳቸው በኩል ነበር የሚያልፈው። በ1947 ዓ.ም. አንድ ቀን የአርሲ ጠቅላይ ግዛት እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። ሹመት ነው፤ ማንም ተሻሩ ማለት አይችልም። ከዚያ ደግሞ ወደ ጋሞ ጎፋ፣ ከዙፋኑ ይበልጥ ወደ ራቀው። እስር ቤት ሳይታይ፣ ሰይፍ ሳይመዘዝ፣ አንድ ታላቅ ሰው በማዕረግ ላይ ማዕረግ እየተጨመረለት ተነጠለ።

ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ደግሞ የተለዩ ነበሩ። አሰሯቸው፣ ፈቷቸው፣ ሾሟቸው፣ ደግመው አሰሯቸው፤ አፈ ንጉሥ እስከ መሆን ደረሱ። በኋላም በ1962 ዓ.ም. ቤታቸው ተከቦ ተኩስ ገጥመው ሞቱ። በሹመት የማይታሰር ሰው ሲገኝ የጃንሆይ መሣሪያ እንደሚደናቀፍ ያሳየ ሰው ናቸው፤ እንደሳቸው ያለ ግን ጥቂት ነበር። ሌላው ሰው ደጅ ይጠናል፤ ደጅ ጥናቱም ለዓመታት ያዛልቀዋል። ሚኒስትር ሆኖ የራሱን ውሳኔ የሚወስን ጠፋ፤ ጉዳዩ ሁሉ ለጃንሆይ ቀርቦ ነው። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን እንዲመርጡ መብት ሲሰጥ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ መብቱን ተቀበሉ፣ ሥራው ግን እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ሠላሳ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች በአንድ አዋጅ ወሳኝ አይሆኑም።

አገርም እንደ ሰው ተጠቀለለ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትገባ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራ ነበራት። ባንዲራው ቀረ፣ ጋዜጣው ተዘጋ፣ ሥልጣኑ ተሸረሸረ፤ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። አሠራሩ ከባልቻ ግብር ጋር አንድ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሥርዓቱን ጠብቆ፣ በስብሰባ። ውጤቱ ግን ጦርነት ሆነ፤ ሠላሳ ዓመት የፈጀ። ባልቻ አንድ ሰው ስለነበሩ ወታደራቸው በብር ተበተነ። ሕዝብ ከራሱ የሚነጠልበት ግብር ግን አልተገኘም።

የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ማስጠንቀቂያ ነበር ይባላል። ማስጠንቀቂያ መሆኑ ልክ ነው፤ ስለ ምን እንደነበረ ግን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ገርማሜ ነዋይ አሜሪካ የተማረ ወጣት ነበር። ወላይታ ላይ ገዢ ሆኖ ሲሾም ለመሬት አልባው መሬት ማከፋፈል ጀመረ፤ ባለርስቱ ከሰሰው፤ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ያው መነጠል ነው። ገርማሜ ግን በመነጠሉ አልቀዘቀዘም፤ ወንድሙ ጄኔራል መንግሥቱ የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ ተነሡ፤ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሬዲዮ መግለጫ አነበቡ፤ የጦር ሠራዊቱ ለንጉሡ ቆመ፤ ዐማፂዎቹ በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን እነ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩምን ረሸኑ። በቀናት ውስጥ ሁሉም አለቀ። ጃንሆይ በቂ ጊዜ ነበራቸው፤ ዕድሜያቸው ሥልሳ ስምንት ነው፤ ገና ጃጁ የሚላቸው አልነበረም። እንግዲህ ለመለወጥ የሚበቃ ጉልበት ነበራቸው። የለወጡት ግን ጥቂት ነው። የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የጭሰኛው ሕግ ረቂቅ ግን ፓርላማ ገብቶ ባለርስቶቹ እጅ ላይ ተኝቶ እስከ መጨረሻው ቀረ። አልጋ ወራሹን ይቅር አሉ፤ ግን ሥልጣን አላካፈሉም። የሚወዱት ልጃቸው ልዑል መኮንን በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞተዋል። የመተካት ነገር ተከድኖ ተቀመጠ። አስፋ ወሰን በ1965 ዓ.ም. በስትሮክ ታመው ውጭ አገር ሄዱ፤ ጃንሆይ የልጅ ልጃቸውን ዘርዓ ያዕቆብን ተተኪ ብለው የሰየሙት በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ነገሩ ሁሉ ከተነቃነቀ በኋላ ነው።

ሰማንያ ሁለት ዓመት ያው ሰማንያ ሁለት ነው፤ የማስታወስ ችሎታቸው መድከሙን አብረዋቸው የሠሩ ተናግረዋል። ያንን አልክድም። ነገር ግን የወሎ ረኃብ ዜና ተሸፍኖ የቆየው ንጉሡ ስላረጁ ብቻ አልነበረም። ክፉ ወሬ ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሹም ከየት ይመጣል? ለአርባ ዓመት እንዲጠብቅ የሠለጠነ ሰው ረኃብንም ይጠብቀዋል። ረኃብ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች የውኃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለው ነበር። የተበላሸ ምግብ ይበላሉ። ሊያነጋግሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ያ ምሳ የሥርዓቱ መጨረሻ ጅማሬ ነበር፤ የባልቻን ግብር አስታወሰኝ፤ ተገላቢጦሹን። የቤተ መንግሥቱ መልስ የታወቀው ነው፤ ደመወዝ ጨመሩ። በየካቲት መምህራኑም፣ ታክሲ ነጂዎቹም፣ ወታደሩም ተነሡ፤ የካቲት 20 የአክሊሉ ካቢኔ ወረደ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ።

ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ፤ ከየጦር ክፍሉ የተላኩ መቶ የሚያህሉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የበታች መኮንኖችና ሹሞች። ፊት የለውም፤ ለማን ግብር ይጠራ? የማንን ርስት ይውሰዱ? ደግሞም ጃንሆይን አልነኳቸውም። በስማቸው አሰሩ። የሚፈለጉ ባለሥልጣናት ስም በሬዲዮ ሲነገር ትልልቆቹ ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው በእግራቸው ሄደው እጃቸውን ሰጡ፤ ጃንሆይም ይሁን አሉ። ከተያዙት አንዱ የዘውድ ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ራስ አሥራተ ካሣ ናቸው፣ ያኔ ንፋስ ስልክ ወርደው የባልቻን ጦር በብር ያሰናበቱት የራስ ካሣ ልጅ። ቀጥሎ የዘውድ ምክር ቤቱ ፈረሰ፣ የዙፋን ችሎቱ ፈረሰ፣ አንበሳ አውቶቡስ ተወረሰ፣ ቤተ መንግሥቱ ራሱ የሕዝብ ነው ተባለ። ጃንሆይ ይህን የሚያደርግ እጅ ሲያዩ የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። ምናልባትም እየጠበቁ ነበር፤ ወታደሮቹ ቸኩለው እስኪሳሳቱ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጧት ጥቂት መኮንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገቡ። ሻለቃ ደበላ ዲንሳ የመውረጃውን አዋጅ አነበቡላቸው። ከዚያ ወደ ውጭ ወጡ። ጋራዡ ውስጥ ሮልስ ሮይሱም ሌላውም ነበር፤ ደጃፉ ላይ የቆመችው ግን አንዲት ቮልስዋገን ናት። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር እስኪታጠፍለት ይጠብቃል። ቆመው ጠበቁ፤ ወንበሩ ወደ ፊት ተገፋ፣ ጎንበስ አሉና ገቡ።